ፎርማት ይደረግ

የላፕቶፔ ሲዲ ማንበቢያ ቁልፉን ሲጫኑት መሳቢያው ወጣ ይላል፣ ሲገፉት ይገባል፣ መብራቱም ብልጭ ድርግም ይላል። ጤነኛ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ክዶታል። ማይ ኮምፒውተር ሲከፈት ሲ አለ፣ ዲ አለ፣ የሲዲው ምልክት የለም። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ገብተው ሲፈልጉት ስሙ ላይ ቢጫ ቃለ አጋኖ ተለጥፎበታል፤ ኮድ 39 ይላል። ድራይቨሩ ተበላሽቷል ወይም የለም ማለት ነው።

የሰፈራችን ባለሙያ ልጅ ላፕቶፑን ከቦርሳው ሳላወጣው «ጋሼ፣ ፎርማት ይደረግ» አለኝ።

እሱ አይፈረድበትም፣ ከዊንዶውስ በፊት የነበረውን ዶስን አላየም። ዶስ ሲዲ የሚባል ነገር ከነጭራሹ አያውቅም ነበር። ኮንፊግ ዶት ሲስ ላይ የማንበቢያውን ድራይቨር ትጽፋለህ፤ ኦቶኤግዜክ ዶት ባት ላይ ደግሞ ኤምኤስሲዴክስ የሚባለውን ፕሮግራም ትጠራለህ፤ ሁለቱም ጋ ያው አንድ ስም፣ አብዛኛውን ጊዜ ኤምኤስሲዲ001፣ ካልተጻፈ አይተዋወቁም። ተዋወቁ ሲባል ደግሞ ከዚያችው ከ640 ኪሎባይት ሚሞሪ ድርሻቸውን ያነሳሉ፤ ሲዲው ተገኘ ብለህ ደስ ሲልህ ጌሙ ቦታ አጣሁ ብሎ ይቀራል። ሚትሱሚ፣ ሶኒና ፓናሶኒክ በየፊናቸው የየራሳቸው አሰካክ ነበራቸው፤ ድምፅ ካርድ ላይ የሚሰካም ነበር። ዊንዶውስ 95 መጣና በሲዲ ተሸጠ፤ የራሱ ማስነሻ ፍሎፒ ላይ ግን የሲዲ ድራይቨር አልነበረም። ዊንዶውሱን ለመጫን ሲዲው መነበብ አለበት፣ ሲዲው እንዲነበብ ደግሞ ዊንዶውሱ ወይም ከሌላ ፍሎፒ የተለመነ ድራይቨር ያስፈልጋል። ለብዙዎቹ ማንበቢያዎች የሚሆነው ኦክሲዲሮም የሚባል ድራይቨር ማስነሻ ፍሎፒው ላይ የገባው ዊንዶውስ 98 ላይ ነው። ያን ፍሎፒ የያዘ ሰው ቡና ሲፈላ ይጠራ ነበር።

ከዚያ በፊት፣ በ1995 እ.ኤ.አ.፣ ፊኒክስና አይቢኤም ኮምፒውተር በቀጥታ ከሲዲ የሚነሳበትን ደንብ አውጥተው ነበር። ስሙ ኤል ቶሪቶ ነው። መሐንዲሶቹ ነገሩን የጠነሰሱት በዚህ ስም በሚጠራ ካሊፎርኒያ ውስጥ ባለ የሜክሲኮ ምግብ ቤት ነው ይባላል። ለእኛ ብርቅ አይደለም፤ እዚህም ቁም ነገር የሚያልቀው ክትፎ ቤት ነው፣ ደንብ ሆኖ አይወጣም እንጂ።

የሚያንገበግበኝ ታዲያ ይኸው ነው። ልጁ የዊንዶውስ ሲዲውን ከትቶ አስነሳልኝ፤ ተነበበ! ላፕቶፑ ገና ሳይነቃ ያየውን ሲዲ ነቅቶ ይክደዋል። ምክንያቱም ይታወቃል። አንድ ሲዲ መጻፊያ ፕሮግራም ነበር፤ ሲነቀል ሬጅስትሪ ውስጥ አፐርፊልተርስና ሎወርፊልተርስ የሚባሉ መስመሮቹን ጥሎ ሄደ። ኮምፒውተሩ የሲዲውን ድራይቨር ሊያስነሳ ሲል እዚያ ላይ የተጻፈውን ፕሮግራም ይፈልጋል፤ እሱ ስለሌለ ሲዲውም የለም። ሁለት መስመር! ይጠፋሉ፣ ሪስታርት ይደረጋል፣ በቃ። ለዚህ ነው እንግዲህ ያለኝ ሁሉ የሚጠረገው? ቁልፍ አልዞር ቢል ቤት ይፈርሳል? ቫይረስ ሲሉት ፎርማት፣ ዘገየ ሲሉት ፎርማት፣ ድምፅ ጠፋ ሲሉት ፎርማት። የስንቱ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የስንቱ የሞተ አባት ፎቶ በዚህች ቃል ተጠርጎ ሄደ! ምን ሆነ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሳይመረምሩ መድኃኒት ማዘዝ ሙያ አይደለም፤ ድፍረት ነው።

ይህን ሁሉ ነገርኩት። ልጁ ጨዋ ነው፣ አላቋረጠኝም። «ፎርማት ዋጋው የታወቀ ነው፤ ሬጅስትሪ ውስጥ ሁለት መስመር ሲፈልግ ለዋለ ሰው ግን ማን ይከፍላል?» አለኝ። እውነቱን ነው። መስመሮቹን አጥፋልኝ ብለው፣ «ጋሼ፣ እዚያ ከገባሁ በኋላ አልነሳ ቢል ኃላፊነት አልወስድም» አለኝ። ራሴ እንዳላጠፋቸው ደግሞ የሬጅስትሪ ነገር ያስፈራል።

ከዚያ አየት አደረገኝና፣ «ግን ለምን አናወጣውም? ሲዲውን አንስተን እሱ ቦታ ኤስኤስዲ እንገጥማለን፤ ይፈጥንልዎታል» አለ።

ስንት ያስወጣል አልኩት። ያለፈው ወር ዋጋ ሌላ ነው፣ የዛሬው ሌላ ነው ብሎ የዶላሩን ነገር አነሳ። ጎረቤቱ ባለ ሱቅም ወንበሩን ስቦ መጣ።