ጌጥ ያለ ቤቱ

የዲትሮይት ሰዎች መኪና መሥራት አያውቁም ነበር። ይህን ለማረጋገጥ በየዓመቱ በኦገስት ወር ሦስተኛው ቅዳሜ በውድዋርድ ጎዳና ዳር ተጣጣፊ ወንበር ዘርግቶ መቀመጥ ይበቃል። ከ1995 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዚያ ቀን የ1960ዎቹና የ70ዎቹ መኪኖች እያጓሩ ያልፋሉ። አሜሪካኖች መስል ካር ይሏቸዋል፤ መጠነኛ ገላ ላይ ትልቅ ሞተር የተጫነባቸው ጡንቸኞች ናቸው። ያኔ በፎርድ፣ በጄኔራል ሞተርስና በክራይስለር የቅርጽ ክፍሎች ውስጥ ባለሙያዎች የእውነተኛውን መኪና መጠን ያህል ሞዴል ከጭቃ እያበጁ፣ አንዲት መስመር ከፊት መብራቱ ተነሥታ ከኋላ ጎማው በላይ እስክትሰክን ድረስ ሲፍቁና ሲለጥፉ ወራት ይከርሙ ነበር። ምስኪኖች! ድካማቸው ሁሉ ጅምር ነበር። የሚጨርስላቸው ሰው ከሃምሳ ዓመት በኋላ ክሬዲት ካርዱን ይዞ እንደሚነሣ ማን በነገራቸው።

ይህ ሰው አስዋቢው ነው። "የራሴ አሻራ ይኑርበት ብዬ ነው" ይላል። መኪናው የራሱ ስለሆነ ማንም አይከለክለውም፤ እኔም ላደንቀው እንጂ ልከለክለው አልተነሣሁም።

አሻራው የሚጀምረው ከኮፈኑ ላይ ነው። ከፋብሪካ የመጣው ላሜራ ዝርግ በመሆኑ ያሳፍራል። ስለዚህ ይወርድና በምትኩ የፋይበርግላስ ጉብታ ይመጣል። ጉብታው ፊት ለፊት የተከፈተ አፍ አለው፤ የአፉ ጀርባ ግን ድፍን ነው። የሼቭሮሌ መሐንዲሶች በ1970 ለሼቬል ኮፈን ሲሠሩ ይህ ብልሃት አልታያቸውም። ነፋስ ከፊት መስታወቱ ግርጌ ተጠራቅሞ ግፊቱ ከፍ እንደሚል አጥንተው፣ ነጂው ነዳጁን እስከ ወለል ሲረግጥ የምትከፈት ትንሽ በር ኮፈኑ ላይ ተከሉ፤ በሯ ቀዝቃዛውን አየር ለካርቡራተሩ ታቀብላለች። ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? የእኛ ሰው ያለ በርና ያለ ቱቦ፣ በብሎንና በማጣበቂያ ብቻ ያንኑ ግርማ አግኝቶታል። ለዚያውም አየር ካልገባ አቧራም አይገባም።

መቼም እውነቱን ካወራን ውሸቱን የጀመረው ፋብሪካው ራሱ ነው። ብዙዎች የዚህ ዘር አባት የሚሉት ፖንቲያክ ጂቲኦ የ1964 ሞዴል ሆኖ ሲወጣ ኮፈኑ ላይ የነበሩት ሁለት አፎች ድፍን ነበሩ፤ ስሙም ከፌራሪ የተወሰደ ነው። በዚያው ዓመት ኤፕሪል 17 በኒውዮርክ የዓለም ትርዒት ላይ ለሕዝብ የቀረበችው ሙስታንግም በጎኗ፣ ከኋላ ጎማዋ ፊት ያለው ቀዳዳ የሚያቀዘቅዘው አንዳች ነገር አልነበረውም። ከሥሯ ያለውም የፎርድ ፋልከን፣ የዚያ ጨዋ የቤተሰብ መኪና፣ አካል ነበር። መነሻ ዋጋዋ 2,368 ዶላር ስለነበር ከዚህ በላይ መጠየቅ ነውር ነው። እንግዲህ አስዋቢውን ባህል አጥፊ የሚሉት ሰዎች ተሳስተዋል። እሱ ወግ አጥባቂ ነው፤ የአባቶቹን ድፍን ቀዳዳ ከነክብሩ ጠብቋል። አባቶቹ ሁለት ቀዳዳ ላይ አፍረው አቆሙ፤ እሱ አላፈረም፣ አላቆመም።

አስዋቢው ከኋላ የሚተክለው ክንፍ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ዶጅ በ1969 ቻርጀር ዴይቶናን፣ ፕሊመዝ ለ1970 ሱፐርበርድን ያወጡት ለናስካር እሽቅድምድም ብለው ነው። አፍንጫቸው ሹል ነው፤ ከኋላ ደግሞ ግማሽ ሜትር አልፎ የሚቆም ክንፍ ተተክሎባቸዋል። በማርች 1970 በአላባማ፣ በታላዴጋ ሜዳ፣ አንድ ዴይቶና በሰዓት 200 ማይል አለፈ፤ ወደ 322 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ክንፉ የተፈጠረው በዚያ ፍጥነት የኋላ ጎማዎቹን ወደ መሬት እንዲጫን ነው። የውድድሩ ደንብ ለሕዝብም ሽጡ ስለሚል ወደ 2,000 የሚጠጉ ሱፐርበርዶች ወደ ገበያ ወጡ። ገዢው አይቷቸው ሸሸ። መኪናው ከግቢያቸው አልወጣ ያላቸው አንዳንድ ነጋዴዎች ክንፉን ነቅለው፣ አፍንጫውን ፈትተው፣ ተራውን የፕሊመዝ ሮድ ራነር አስመስለው ሸጡት። ያኔ መኪና እንዲሸጥ ክንፍ ይነቀል ነበር፤ ዛሬ መኪና እንዲሸጥ ክንፍ ይለጠፋል። በውድዋርድ ሰልፍ መሃል በእግረኛ ፍጥነት የሚንፏቀቅ መኪና ላይ የተተከለ ክንፍ ምን እንደሚጫን ፊዚክስ የተማረ ሰው ያስረዳን። እኔ እስካሁን ያየሁት ወፍ ሲያርፍበት ነው።

ይህን ሁሉ ተሸክሞ የሚሄደው ገላ ከሥሩ ምን ይዟል? ብዙ ጊዜ የተፈጠረበትን ነው። የ1965 ሙስታንግ መነሻ ሞተር ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 120 የፈረስ ጉልበት ነበር፤ ተጨማሪ ካልተከፈለበት ፍሬኑም በአራቱም ጎማ የከበሮ ፍሬን ነበር። አስዋቢው የፊቱን ፍሬን ወደ ዲስክ ቢቀይር ማንም አይቆጣውም ነበር፤ እንዲያውም ከፊቱ የሚሻገረው እግረኛ ይመርቀዋል። ግን ፍሬን ከውጭ አይታይም። ስለዚህ ገንዘቡ ወደሚታየው ይሄዳል፦ ከአፍንጫ እስከ ጅራት የሚወርዱ ሁለት ወፍራም መስመሮች። ካሮል ሼልቢ በ1965 ከሙስታንግ የሠራቸው ጂቲ350ዎች 562 ብቻ ናቸው። መስመራቸው ግን ከእነሱ ይልቅ ተዋልዶ አሜሪካን ሞልቷታል።

ማዕረግም በፖስታ ይመጣል። ሼቬል ኤስኤስ የሚባለው ከ1969 ጀምሮ በተጨማሪ ክፍያ የሚገኝ ጥቅል ስለሆነ፣ መኪናው ኤስኤስ መሆን አለመሆኑን የሻሲው ቁጥር አይናገርም። ሻሲው ዝም ካለ ደግሞ ሁለት የብረት ፊደሎች ይናገሩለታል። ተራዋ ሼቬል ማታ ጋራዥ ገብታ ጠዋት ኤስኤስ ሆና ትወጣለች፤ ለማያውቅሽ ታጠኚ ማለት ይኸው ነው። የአዲስ አበባ ሚኒባስ ረዳት መስታወቱ ላይ ጥቅስ ሲለጥፍ ቢያንስ ተሳፋሪው ይስቃል፤ እዚህ የሚስቀው ሻጩ ነው።

የሁሉም ቁንጮ ግን ኤሌኖር ናት። በ2000 ኒኮላስ ኬጅ መኪና ሌባ ሆኖ የተወነበት "ጎን ኢን ሲክስቲ ሰከንድስ" የተባለው ፊልም ወጣ። የፊልሙ እመቤት የ1967 ሙስታንግ ናት፤ ገላዋ ግራጫ፣ መስመሯ ጥቁር፣ ኮፈኗ ጉብ ያለ፣ ፓራፋንጎዋ ያበጠ፣ አፍንጫዋ መሃል ሁለት ክብ መብራት የተገጠመላት። ከፊልሙ በፊት የ1967 ሙስታንግ ቀይም፣ አረንጓዴም፣ ሰማያዊም ነበረች። ከፊልሙ በኋላ ግራጫ ሆነች። በአንድ የመኪና ትርዒት ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሦስት ኤሌኖሮች ብታገኙ ባለቤቶቻቸውን ለየብቻ አናግሯቸው። አንደኛው እንደኔ ያለ የለም ይላል። ሁለተኛውም እንደኔ ያለ የለም ይላል። ሦስተኛው ትንሽ ያመነታና፣ የእኔ የመብራቱ ቀለበት ይለያል ይላል። ስሙን ያመጣው የ1974ቱ የመጀመሪያ ፊልም ነው፤ የዚያኛዋ ኤሌኖር ግን ቢጫ ነበረች። ቢጫ ለመሆን ወረፋ የያዘ ሰው አላየሁም።

ነገሩ ፍርድ ቤትም ደርሷል። የመጀመሪያው ፊልም ባለመብቶች ኤሌኖር ራሷን የቻለች ገጸ ባሕርይ ስለሆነች ያለ ፈቃድ አትቀዳም ብለው ለዓመታት ተሟገቱ። በሜይ 2025 የዘጠነኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ የለም፣ በቅጂ መብት የምትጠበቅ ገጸ ባሕርይ አይደለችም አለ፤ ዳኞቹ ካዩዋቸው መመዘኛዎች አንዱ በጉልህ የተለየች ናት ወይ የሚል ነበር፤ እሱንም ወደቀች።  

ስለ ቸርኬው ብዙ አልልም። ፋብሪካው 14 ኢንች አድርጎት ነበር፤ አሁን 20 ነው፤ ጎማው ብረቱ ላይ የተቀባ ጥቁር ቀለም መስሏል። ስለ ቀለሙ ግን ያዝናል ልቤ። ክራይስለር በ1970 ፕለም ክሬዚ የሚባል ደማቅ ወይን ጠጅ፣ ሰብላይም የሚባል ዓይን የሚያበራ አረንጓዴ ለገበያ ያቀረበ ድርጅት ነበር። ያ ሁሉ ድፍረት ዛሬ በማያንጸባርቅ ጥቁር ፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ባለቤቱ ከአጠገቡ ቆሞ "ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያየዋል" ይላል።

ከዚህ ማዶ ያሉት የፋብሪካ መልክ ጠባቂዎችም ያመለጡ አይምሰላቸው። የፋብሪካ ሠራተኛ በጥድፊያ በጠመኔ የጫረውን ምልክት ዛሬ በጥንቃቄ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ጠመኔ መልሰው የሚጽፉ ሰዎች አሉ። መኪናቸው በተጎታች ይመጣል፣ በተጎታች ይመለሳል። ይህም ጌጥ ነው፤ ቀዳዳ የለውም እንጂ።

በጃንዋሪ 2020 ፍሎሪዳ፣ ኪሲሚ ውስጥ አንዲት የ1968 ሙስታንግ ለጨረታ ቀረበች፤ ተዋናዩ ስቲቭ መኩዊን "ቡሊት" በተባለው ፊልም ላይ የነዳት ጥቁር አረንጓዴዋ ናት። ለፊልሙ ሲሉ እሷንም ነካክተዋታል። ግን መልኳ ላይ ያደረጉት በአብዛኛው መቀነስ ነው፦ የፊቷን ፈረስ አነሡ፣ የጭጋግ መብራቶቿን ፈቱ። በ1974 በ6,000 ዶላር የገዛት ቤተሰብ ለዕለት ጉዳይ ይነዳት ነበር፤ መኩዊን ራሱ በ1977 ደብዳቤ ጽፎ መልሱልኝ ቢል አልሸጡለትም። ጨረታው ላይ ስትወጣ ዝገቷ ላይዋ ላይ ነበር፣ ጭርምቷም እንዳለ፣ ቀለሟም የገረጣ። መዶሻው ያረፈው 3.4 ሚሊዮን ዶላር ላይ ነው።

ስለዚህ ክቡር አስዋቢ፣ ጉብታውን ይግጠሙ፣ ክንፉንም ይትከሉ፤ ማን ሊከለክልዎ። የምንለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሚያወርዱትን ኮፈን ለቁራሌው አይስጡብን። በጨርቅ ጠቅልለው፣ ብሎኖቹን በጣሳ አድርገው፣ ጋራዡ ጥግ ያስቀምጡልን። ከእርስዎ በኋላ የሚገዛው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።