ዘመነ አፍላግ በእኔ ቤት

የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ቀን የሚዘልቀውን ዘመነ ክረምት ከፋፍለው ለየክፍሉ ስም ሲሰጡ፣ ከሐምሌ 19 እስከ ነሐሴ 9 ቀን ያለውን ወቅት መብረቅ፣ ነጐድጓድ፣ ባሕርና አፍላግ የሚታሰቡበት ብለውታል። መብረቁንና ነጐድጓዱን እንደ ማንኛውም ምእመን በሩቁ እሰማለሁ፤ ባሕሩና አፍላጉ ግን፣ ከእንጦጦ ግርጌ ጉለሌ ውስጥ ባለው አሮጌ ቤቴ፣ እስከ መኝታ ክፍሌ ድረስ መጥተው ይታሰባሉ።

ቤቱ ከጠላት ወረራ በፊት የተሠራ፣ መሠረቱ የድንጋይ ካብ፣ ግድግዳው በባሕር ዛፍ ማገር ላይ የተመረገ ጭድ የገባበት ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱም አቡጀዲ ነው። የቆርቆሮው ሚስማር በዛገበት ሁሉ ውሃው ጠብ ጠብ እያለ አቡጀዲው ላይ ስለሚጠራቀም፣ ነሐሴ በገባ ቁጥር ኮርኒሴ ወሯ እንደ ገባ ነፍሰ ጡር ሆዱን ገፍቶ፣ ከሥሩ የተኛውን ሁሉ በሥጋት ያሳድራል። ይህ ግን ከላይ የሚመጣው ነው፤ የባሰውስ ከታች የሚወጣው፣ ግድግዳውን ከወለሉ እስከ ወገብ ድረስ አጥቍሮ፣ በሣጥን ውስጥ ያለውን ነጠላ ሳይቀር ሻጋታ ሻጋታ እንዲሸት የሚያደርገው እርጥበት ነው።

ምክር የሚሰጥ ሰው አላጣሁም። ቀለም ቀቢው ውሃ የማያሳልፍ ቀለም አለ አለኝ፤ ለሳኙ በሲሚንቶ ላይ ሌላ ሲሚንቶ ይደረብ አለ፤ ቆርቆሮ መቺው ደግሞ ጣሪያው በሙሉ ይውረድ ሲል ፈረደ፤ በዚህም ሁሉ ውስጥ በሽታው የሚለዋወጠው በሐኪሙ ሸቀጥ ልክ መሆኑን ከማስተዋል በቀር ሌላ ትርፍ አላገኘሁም። ጎረቤቴ እማሆይ ብቻ ከትርፍ የራቀ አሳብ አቀረቡ። ከአልጋዬ ሥር ያቆረውን ውሃ በጽሞና ከተመለከቱ በኋላ፣ «ልጄ፣ ዝም ብለህ አትርገጠው፤ ጠበል ፈልቆልህ እንደ ሆነስ?» አሉኝ። «እማሆይ፣ ጠበልስ ከሆነ ስለ ምን ሻጋታ ያበቅላል?» ብል፣ ያለ አንዳች ማመንታት «እምነት ስለ ጐደለህ ነዋ!» ሲሉ መለሱልኝ።

ነገሩን በቍጥር ለተመለከተው እጅግ ያስደነግጣል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው፤ እንግዲህ 80 ካሬ ሜትር በሆነ ክዳን ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዶፍ ቢወርድ 2,400 ሊትር፣ ማለትም 12 ትልልቅ በርሜል ይሆናል። ይህ ሁሉ ውሃ የባሕር ዛፍ ቅጠል በደፈነው አሸንዳ መሄጃ ሲያጣ፣ በጠርዙ ላይ ፈስሶ በጠፈጠፍ መልክ ከግድግዳው እግር ሥር ይወድቃል። መንገዱም በየጊዜው ሲታደስ፣ የፊተኛው ሳይነሣ በላዩ ጠጠርና አፈር እየተጨመረበት ከፍ ስላለ፣ የቀድሞዎቹ ባለቤቶች ደረጃ ወጥተው የገቡበትን በር እኛ ዛሬ ቍልቍል ወርደን እንገባበታለን፤ ሰው ወርዶ የሚገባበትን ቤት ውሃ ሳይጋበዝ እንደሚገባበት የታወቀ ነው። በዚህም ላይ ከእኔ በፊት የነበሩት ሰው፣ ለሥልጣኔ ካላቸው ፍቅር የተነሣ፣ የጭቃውን ግድግዳ በሲሚንቶ ለስነውታል። ጭቃና ኖራ የጠጡትን ውሃ ፀሐይ ስትወጣ መልሰው ይተነፍሱታል፤ ሲሚንቶ ግን በሩን ዘግቶ ስለሚያፍነው፣ ከመሠረቱ የሚሳበው ርጥበት ከልስኑ በስተ ጀርባ እየወጣ ጨውን እንደ ነጭ አበባ ያፈካል፣ ማገሩን ያበሰብሳል፣ ለምስጥም ማዕድ ያሰናዳል።

በመጨረሻ የመጡት ሽማግሌ ግንበኛ ግድግዳውን ለማየት እንኳ አልፈለጉም። ዝናቡ እስኪመጣ ጠብቀው፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ውጭ በመቆም ጠፈጠፉን ብቻ ሲመለከቱ ከቆዩ በኋላ፣ «ጌታዬ፣ ግድግዳዎ አልታመመም፤ እግሩ ውሃ ውስጥ ስለ ቆመ ነው» አሉኝ። አሸንዳው ተጠርጎ ወደ መውረጃው ቱቦ እንዲያዘነብል ተደረገ፤ በቤቱ ዙሪያ የተከመረው አፈር የመሠረቱ ድንጋይ እስኪታይ ድረስ ተዛቀ፤ መሬቱም በየሜትሩ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ከቤቱ እየራቀ እንዲወርድ ተደልድሎ፣ በድንጋይ የተነጠፈ ቦይ ተበጀለት። ሽማግሌው ቦዩ ከጎረቤት አጥር ሥር እንዳያልቅና እስከ መንገዱ ቦይ እንዲደርስ አጥብቀው አሳሰቡ፤ «አለዚያ ክረምቱ ሳይወጣ ዳኛ ፊት ትቆማላችሁ» ሲሉም በልምድ የተገኘ የሚመስል ምክር ጨመሩ። ከግድግዳው ታችኛ ክፍል ሲሚንቶው ተፈንቅሎ በጭቃና በኖራ ተመረገ።

ቀለም ቀቢው አሁንም በደጄ ሲያልፍ በናፍቆት ይመለከተኛል። ይሁን እንጂ ስንት ክረምት ሲጠጣ የኖረ ግድግዳ በአንድ ሳምንት ስለማይደርቅ፣ በጋው አልፎ እስኪታይ ድረስ ይታገሥ ዘንድ ነግሬዋለሁ። እናንተም ቤታችሁ አሮጌ፣ ግድግዳችሁም እርጥብ የሆነ ወገኖቼ፣ ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡና ጠፈጠፉ የት እንደሚወድቅ እዩ። አሸንዳችሁን በግንቦት አስጠርጉ፤ በሐምሌ መሰላል ላይ የሚወጣ ሰው ዋጋው እጥፍ ነው።