ውዳሴ ፎርማት

ጥንታውያን ሊቃውንት ለደዌ ሁሉ ፈውስ የሚሆን አንድ መድኃኒት ሲሹ ዘመናቸውን ፈጅተው፣ ሳያገኙት ማለፋቸው እጅግ ያሳዝናል፤ መድኃኒቱ በደባርቅና በዳባት የኮምፒዩተር ጥገና ቤቶች ከጧት እስከ ማታ ሲታደል ይውላልና። ማሽኑ ቢዘገይ፣ ድምፁ ቢጠፋ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ አልነሣ ቢል፣ ከቶውንም የታመመው ማሽኑ ሳይሆን የሶኬቱ ገመድ ቢሆን፣ ባለሙያው ክዳኑን ሳይከፍት፣ ሕመሙ መቼና እንዴት እንደ ጀመረ ሳይጠይቅ፣ «ፎርማት ይደረግ»፣ ማለትም ያለበት ተጠርጎ ዊንዶው እንደ ገና ይጫንበት፣ ብሎ ይፈርዳል። ይህን የመሰለ ጥበብ እስከ ዛሬ ውዳሴ ሳይደረስለት መቅረቱ ነውር ስለ ሆነብኝ፣ እነሆ እንደ ዐቅሜ ላመሰግነው ተነሣሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚደነቀው የባለሙያው ርኅራኄ ነው። ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ማሽናቸውን በነጠላ ጠቅልለው ቢያመጡለት፣ «ጋሼ፣ ዴታ አለበት እንዴ?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። «የእድሩ መዝገብ አለበት ልጄ፣ የልጆቼም ፎቶግራፍ» ይሉታል። «ዲ ላይ ከሆነ አይነካም፣ አያስቡ» ይላቸዋል። መምህሩም ዲ የተባለው አገር ወዴት እንደ ሆነ ሳያውቁ ተጽናንተው ይሄዳሉ። ንብረታቸው ሁሉ ዴስክቶፕ ላይ ተደርድሮ እንደ ነበረ፣ ዴስክቶፕ የሚባለውም በሲ ግዛት ውስጥ መሆኑን፣ ሲ ደግሞ በዚያው ከሰዓት በኋላ ከምድረ ገጽ መጥፋቱን የሚረዱት ቤታቸው ሲደርሱ ነው። ከጥፋት የተረፈ አንድ ደብዳቤ በፍላሽ ቢያገኙ እንኳ፣ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ከሆነ ፊደሉ አብሮ ጠፍቷልና፣ የአማርኛው ቃል በላቲን ፊደልና በምልክት ተዘባርቆ ይጠብቃቸዋል። ፊደላችን በዩኒኮድ የጋራ ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር ስለ ነበራቸው፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው ማንበብ አይችልም ነበር፤ በየቢሮው ያሉ ብዙ ሰነዶች ዛሬም በዚያው ልማድ ይኖራሉ።

የሚያስቀው ነገር ማሽኑ ጭልጭል እያለ አልነሣ ሲል መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ከአንደኛ ክፍል ተማሪ ቦርሳ የማይጠፋ መሆኑ ነው። ራሙን ነቅሎ፣ ወርቃማ ጥርሱን በላጲስ አሽቶ፣ አቧራውን እፍ ብሎ መመለስ ይበቃል፤ ባለሙያዎቹም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ነገር ግን ላጲስ ለማሸት ማን ዋጋ ይከፍላል? ደግሞስ ደንበኛው ቆሞ እያየ በላጲስ የዳነ ማሽን ለባለሙያው ምን ክብር ያተርፍለታል? ስለዚህ የሚፋቀው አቧራው ቀርቶ የመምህሩ መዝገብ ይሆናል። መብራት በመጣና በሄደ ቁጥር የተቃጠለ ፓወር ሰፕላይ፣ ወይም ዕድሜው አልቆ የሚያቃትት ሃርድ ዲስክ ቢሆንም ያው ነው፤ በሚሞተው ዲስክ ላይ አዲስ ዊንዶው ይጫንበታል፣ በወሩ ይመለሳል፣ እንደ ገና ፎርማት ይደረጋል፤ ባለሙያውም ታማኝ ደንበኛ አገኘ ይባላል።

በዚህ መካከል ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ አንድ ወጣት ተነሥቶ «ሊኑክስ ጫኑ» ማለቱ አይቀርም፤ የሚለውም ከንቱ አይደለም። ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ተማሪ በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ይህ ሥርዓት በነፃ የሚገኝ፣ ክራክ የማያስፈልገው፣ በአሮጌ ማሽንም የሚሠራ ነው፤ የዊንዶው 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃና ተተኪው የቀድሞዎቹን ማሽኖች አልቀበልም ካለ ወዲህ ደግሞ ምክሩ ከምንጊዜውም ይልቅ ይሰማል። በ2012 እ.ኤ.አ. ወንጪ አካባቢ ፊደል ላልቆጠሩ ሕፃናት በሊኑክስ ላይ የቆመ አንድሮይድ ያለበት ታብሌት ያለ አስተማሪ ሲታደላቸው፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ሆን ተብሎ የተዘጋውን ካሜራ ከፍተው መጠቀም መጀመራቸውን የሥራው ጠንሳሽ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ተናግረዋል። ከነዚያ ሕፃናት አንዱ እንኳ ወደ ጥገና ቤት አለመላኩ መልካም ሆነ።

ሊኑክስም ቢሆን ያለ ፈተና አይጸድቅበትም። ዋይፋዩ ድራይቨር ይፈልጋል፤ ድራይቨሩ ከኢንተርኔት ይወርዳል፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ በዋይፋዩ ይመጣል። ቶርቫልድስ ራሱ በ2012 እ.ኤ.አ. በፊንላንድ አልቶ ዩኒቨርሲቲ በሕዝብ ፊት ቆሞ ኤንቪዲያን በስድብና በጣት ምልክት ያዋረደው፣ ስለዚሁ የመሣሪያና የሥርዓት አለመስማማት ተበሳጭቶ ነበር። የእኛ ወጣት ግን ጨዋ ነውና አይሳደብም፤ ሄዶ የቴሌግራም ግሩፕ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ የፎርማት ጥበብ ወደ ፍጹምነቱ ይደርሳል። «ሰላም ወንድሞች፣ ዋይፋዬ አልሠራ አለኝ» ቢል፣ አንዱ «ከዚህ በፊት ተጠይቋል» ይለዋል፤ ሌላው «ጎግል አታደርግም?» ይለዋል፤ ሦስተኛው «ዊንዶው ጫንበት» ብሎ ይስቅበታል። «ኧረ ምን ነው፣ ለመማር እኮ ነው የገባሁት» ያለ ቀን አድሚኑ ሪሙቭ ያደርገዋል፤ የጻፈውም ሁሉ ተከትሎት ይጠፋል። በአባቶቻችን ሥርዓት አንድን ምእመን ከማኅበር ለመለየት፣ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 እንደ ተደነገገው፣ መጀመሪያ ብቻውን መምከር፣ ባይሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዞ መመለስ፣ ከዚያም ለቤተ ክርስቲያን መንገር ያስፈልጋል፤ ከዚያም ወዲያ የተወገዘው ሰው በደሉን ያውቃል፣ ንስሐ ገብቶ ቀኖናውን ቢፈጽም ደግሞ የሚመለስበት በር አለው። አድሚናችን ይህን ሁሉ ድካም በአውራ ጣቱ አሳጥሮታል። ያ ተሳዳቢ ፊንላንዳዊ እንኳ በ2018 እ.ኤ.አ. በሥራ ባልደረቦቹ ላይ ስላሳየው ክፉ አፍ በይፋ ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ጊዜ ከሥራው ዘወር ማለቱን፣ የሊኑክስ ማኅበርም የሥነ ምግባር ደንብ ማውጣቱን ስንሰማ፣ ለካ ሥልጣን እንደዚህም ይለሰልሳል ብለን እናዝናለን።

ጥበቡ ሲሰፋ ደግሞ ወሰን የለውም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መላው የአማራ ክልል ከሞባይል ኢንተርኔት በአንድ ጊዜ ሪሙቭ ሲደረግ፣ ማን ምን ጻፈ እያሉ መለየት ቀርቶ፣ የጻፈውም ያልጻፈውም፣ ስልክ ይዞ የማያውቅ የጃናሞራ እረኛም ጭምር በእኩልነት ተዳኘ።

እኛ የጊች ሰዎች ስለ መነሣት ጥቂት እናውቃለን። ጅብራ ከሚበቅልበት፣ 3,600 ሜትር ከሚደርሰው ከዚያ ብርዳም ሜዳ፣ በ2008 ዓ.ም. ከ400 የሚበልጡ አባወራዎች ስለ ሰሜን ተራሮች ፓርክና ስለ ዋልያው ደኅንነት ተብሎ ወደ ደባርቅ ወረዱ፤ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች ተቈጥሮ የኖረው ፓርክም በ2017 እ.ኤ.አ. ከዚያ መዝገብ ወጣ። ካሳው በቃ አልበቃም እያልን እስከ ዛሬ ብንከራከርም፣ ለመነሣታችን ምክንያት ተነግሮናል፣ ስብሰባ ተጠርቶልናል፣ «እሺ» ወይም «እምቢ» የምንልበት አፍ ነበረን። አንድ መንደር ከተራራ ለማውረድ ይህን ያህል ንግግር ካስፈለገ፣ አንድ ጠያቂ ልጅ ከግሩፕ ለማስወጣት አንድ መስመር መጻፍ ምን ይከብዳል? አድሚን የሆንህ ወንድሜ፣ ስታስወጣው ምክንያቱን ጻፍለት፤ አንተም ጥገና ቤት የተቀመጥኸው፣ ዊንዶው ከመጫንህ በፊት እባክህ ክዳኑን ክፈት።