የሰማህ፣ ላልሰማ አሰማ

ድሮ ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ ሲነገር «የሰማህ፣ ላልሰማ አሰማ!» ይባል ነበር። የዘመኑ አዋጅ ነጋሪ ይቺን ሐረግ ጥሏታል። ደግ አደረገ። የሰማ ሰምቷል፤ ያልሰማ ቢፈልግ ኖሮ ይሰማ ነበር።

ኮሮና መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. አገራችን መግባቱ ከተነገረ ወዲህ መስማት ለተሳናቸው ወገኖቻችን ያልተደረገላቸው የለም። 8335 ነፃ የስልክ መስመር ነበር፤ መደወል ብቻ። ለሰው ስንደውልም በጥሪው ፈንታ «እጃችሁን ታጠቡ» የሚል ምክር ጆሯችን ላይ ይንቆረቆር ነበር፤ ለእነሱም ያው ምክር በነፃ ተንቆርቁሯል። በቴሌቪዥኑ ጥግ አስተርጓሚ ቆሟል፤ ከሥር የሚሮጠው ጽሑፍ እጁን እስከ ክርኑ ቢውጠውም ቁም ነገሩ መቆሙ ነው። ቀጥሎ ጭምብል መጣ። የምልክት ቋንቋ ግማሹ ፊት ላይ እንደሆነ፣ ከንፈር እያየ የሚግባባም ሰው እንዳለ ማንም አልነገረንም። ነግረውን ይሆናል፤ በምልክት ስለነበር አልሰማናቸውም።

ሚያዝያ ላይ ከወረታ ወጣ ብሎ ሞንታርቦ የጫነች ባጃጅ አቧራ እያስነሳች ስታልፍ አየሁ። ርብ ወንዝ ዳር፣ ሞተር ውኃ እየሳበለት ሽንኩርት የሚኮተኩት ጎልማሳ አለ፤ ከተወለደ ጀምሮ አይሰማም። ሞንታርቦ የሚያውቀው በሠርግ ነው። መኮትኮቻውን ጥሎ በእስክስታ ተቀበላት። እሷም «ርቀታችሁን ጠብቁ!» እያለች አለፈች።

ማታ መንደር ገብቶ ለሰላምታ እጁን ቢዘረጋ ሁሉም ወደ ኋላ አለ። አንዱን ጎረቤቱን ተከትሎ ደረቱን እየነካ «ምን አጠፋሁ?» ቢለው ሰውዬው ለሰላምታ ክርኑን አሾለለት። ሊደቁሰኝ ነው ብሎ ሸሸ። ርቀቱ ተጠበቀ፤ መልእክቱ ደረሰ ማለት አይደል?

የቴሌቪዥኑ አስተርጓሚ ጭራሽ ለእሱ አይደለም። የኢትዮጵያን የምልክት ቋንቋ የሚማሩት ትምህርት ቤት ነው፤ እሱ ያለው እናቱ የፈጠረችለት ነው። ሁለት ጣት ግንባር ላይ፦ በሬ። አገጭን መዳበስ፦ አባትህ። እናቱ «ቫይረስ» የሚል ምልክት አላወጣችም። አንድ የሰፈር ልጅ አጠገቡ ተቀምጦ በእጁ እያሳየ ቢያስረዳው ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ባጃጇ ደግሞ ሦስት ቀበሌ ይቀራታል።

አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 11 በአደጋ ጊዜ ጥበቃ ይደረግላቸው ይላል። ይህ አዋጅ በሞንታርቦ ሲነገር ግን፣ ሁለት ደህና ጆሮ ያለኝ እኔም አልሰማሁም።

ክረምት ገባና ርብ ሞላ። ባጃጇ «ወደ ከፍታ ውጡ!» እያለች ተመለሰች። ሰውዬው አሁን ሠልጥኗል፤ አልጨፈረም፣ ክርኑን አሳያት። የውኃውን ነገር የነገረው ርብ ራሱ ነው፤ ሌሊት፣ መደቡ ድረስ ገብቶ።