የማክሰኞ ብርሃን

ኦሪት ዘፍጥረትን በጥሞና ለተመለከተ ሰው፣ ብርሃን በዕለተ እሑድ፣ ዕፀዋትና አዝርዕት በዕለተ ሠሉስ፣ ፀሐይ ግን ገና በማግሥቱ በዕለተ ረቡዕ መፈጠሯ ግልጽ ነው፤ ስለዚህም የመጀመሪያዎቹ ዕፀዋት ብርሃን ሳይጎድልባቸው፣ ፀሐይም ሳትነካቸው አንዲት ማክሰኞን ውለው አድረዋል ማለት ነው። ይህን ማመሥጠሩን ለሊቃውንቱ ትቼ፣ የተቆረጠ ቀንበጥ በቤት ውስጥ ሥር ያወጣ ዘንድ የሚሻው ብርሃን ልክ ይህ የማክሰኞው መሆኑን በአዲስ አበባው የሰባተኛ ሰፈር፣ ከአንዲት ጠባብ መስኮት ሥር ተቀምጬ ለመመስከር እደፍራለሁ።

ምክንያቱም ሩቅ አይደለም። ከእናት ግንዱ የተለየ የናና፣ የኮሰረት ወይም የጽጌረዳ ቀንበጥ ቅጠል አለው፣ ሥር ግን የለውም፤ ፀሐይ በቀጥታ ያረፈችበት እንደሆነ በቅጠሉ የሚተነው ውሃ በተቆረጠው ጫፉ ከሚገባው ይበልጥና ሳይመሽ አንገቱን ይደፋል፤ ወደ ጽልመት ያሸሹት እንደሆነ ደግሞ ቅጠሉ ለሥር የሚሆነውን ስኳር ማዘጋጀት ይሳነውና ያለችውን ጥቂት ስንቅ የገረጣ ቀጭን አንገት በማስረዘም ይጨርሳታል። ቻርልስ ዳርዊን ከልጁ ከፍራንሲስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1880 ባወጣው መጽሐፍ፣ የሣር ቡቃያ ጫፉ ላይ ቆብ ቢደፉበት ወደ ብርሃን መጎንበሱን እንደሚተው አሳይቷል፤ ብርሃንን የሚያየው ጫፉ ነውና። በኋላ ኦክሲን ተብሎ የተሰየመው ንጥረ ነገር ከዚያው ከላይ እየወረደ በተቆረጠው ቦታ ሲጠራቀም ሥር እንዲፈልቅ ያዝዛል፤ ሥሩም በበኩሉ ጨለማ ወዳድ ነው። ስለሆነም ቀንበጡን ውሃ በተሞላ ሃይላንድ ውስጥ የሚያቆም ሰው ራሱን ለብርሃን ገልጦ እግሩን በጋዜጣ ይጠቅልልለት፤ አለዚያ ውሃው አረንጓዴ ይለብሳል። ጋዜጣው ያረጀ ቢሆንም ቀንበጡ ቅር አይለውም።

በዚህ ጉዳይ ዐይን የታመነ ምስክር አይደለም። በበጋ ቀትር ደጅ ላይ ያለው ብርሃን 100,000 ሉክስ ያህል ሲደርስ፣ በክፍሉ መካከል ካለው ጠረጴዛ ላይ ጥቂት መቶ ሉክስ ብቻ ቢገኝ፣ ብሌናችን በዘዴ ሰፋ ብላ ሁለቱንም «ብርሃን ነው» ብላ ታሳልፋቸዋለች፤ ቀንበጥ ግን እንዲህ ያለ ይሉኝታ የለውም። ከዐይን ይልቅ እጅ ይሻላል። ቀንበጡ ከሚቆምበት ቦታ ነጭ ወረቀት አንጥፎ መዳፍን ከፍ አድርጎ መዘርጋት፤ ጥላው በምላጭ የተቆረጠ መስሎ ቢወርድ ፀሐይ በዝቷል፣ ከነጭራሹ ባይታይ ጨለማ ነው፣ ዳሩ ጭጋግ ሆኖ ቢወርድ ግን ያ ማክሰኞ ነው። አምፖልም ቢሆን የማይናቅ ረዳት ነው፤ ይኸውም የድሮው ባለ ሽቦ ከብርሃኑ ይልቅ ሙቀቱ ስለሚበዛ ቅጠል ያጠወልጋልና ኤልኢዲ የሆነ እንደሆነ፣ ደግሞም ርቀቱ እጥፍ ቢሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ እንደሚወርድ ታውቆ ከቅጠሉ ስንዝር ያህል ብቻ ከፍ ብሎ የተሰቀለ እንደሆነ፣ መብራትም ያልሄደ እንደሆነ ነው።

የፈረንጅ መጻሕፍት ከሚመክሩት አንዱ ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ነው፤ በእነርሱ አገር ፀሐይ በቀትር በሰሜን በኩል ዝር አትልምና። የእኔም መስኮት የሚያየው ወደ ሰሜን ስለሆነ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ነገር ግን አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ የተቆረቆረች ከተማ በመሆኗ፣ ፀሐይ ከኅዳር እስከ ጥር ወደ ደቡብ አዘንብላ ብትሰነብትም፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ ገደማ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር መንገዷ በሰሜን በኩል ነው፤ በቀትር የቆርቆሮው ክፈፍ ይመልሳታል፣ በማለዳና በሠርክ ግን አግድም ዘልቃ ትገባለች። መዓልቱስ ዓመቱን ሙሉ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ብዙም አይርቅም፤ ፈረንጆቹ የሚያለቅሱለት የክረምት ጨለማ እኛን አይመለከተንም። ከቆቃ አካባቢ ሥር ያላወጡ የአበባ ቀንበጦች በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ እየተጫኑ፣ ብርሃን ባነሰበት ወራት እዚያ በኤሌክትሪክ እየታገዙ ሥር ማውጣታቸውን ሳስብ፣ ፀሐይን ትቶ ለመብራት የሚሰደድ ሰው ብቻ አለመሆኑን እታዘባለሁ።

በሰባተኛ ግን የብርሃን ባለሥልጣን ፀሐይ ብቻ አይደለችም። ቤቱ ከቤቱ ተደጋግፎ፣ ጣራው ከጣራው ተነባብሮ በሚኖርበት ሰፈር መስኮት ያለው ሰው ባለጸጋ ነው፤ በመስኮቱ ፊት ያለችው ግድግዳ ግን የዕቃ መደገፊያ ናት። በእኔዋ ላይ ጎረቤቴ ሐጂ የስፖንጅ ፍራሾቻቸውን ያቆሙባታል፤ ከፍራሾቹ አንዱ፣ ባለ ቀይ አበባው፣ ቁመቱ ከመስኮቴ ጋር ልክ ለልክ ነበር። በጥር ወር ናናዬ ስትገረጣ ባየሁ ጊዜ ወረድኩ።

«ሐጂ፣ ከማይከፋዎት ይህን ፍራሽ ረፋዱን ፈቀቅ ቢያደርጉልኝ?»

«ምነው ጋሼ፣ ምን አደረገዎ?»

«ለናናዬ ብርሃን ከልክሎብኝ ነው።»

ሐጂ ዝም አሉ። በሰባተኛ ዝምታ ማለት ሂሳብ ማለት ነው። «ናና ያሉት፣ ይኸ ለሻይ የሚሆነው?» አሉ በመጨረሻ፤ ከጧቱ ሁለት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ፍራሹ ፈቀቅ ሊል፣ እኔም በየዓርቡ ከጁምዓ መልስ ለሚጠጡት ሻይ አንድ እስር ናና ላቀርብ ተስማማን። ውሉ በሁለቱም ወገን በታማኝነት ተፈጸመ፤ ናናዋ ነጭ ሥሯን እንደ ጢም አንዠረገገች።

ሚያዝያ ሲገባ ግን ፀሐይ በተራዋ በሰሜን በኩል ብቅ አለችና ማለዳ ማለዳ በቀጥታ ትገባ ጀመር፤ ያን ጊዜ በሃይላንድ ውስጥ የቆሙት አዲሶቹ የጽጌረዳ ቀንበጦች ነበሩ። ስስ ነጠላ በመስኮቱ ላይ ቢጋርዱ ፀሐይቱን አጥርቶ ብርሃኑን ብቻ ያስገባል፤ ባለቤቴ ግን ነጠላዋ የተሸመነው ለቤተ ክርስቲያን እንጂ ለጽጌረዳ አለመሆኑን በማያሻማ ቃል አስታወቀችኝ። እንደገና ወረድኩና፣ ያ ባለ ቀይ አበባው ፍራሽ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ብቻ ወደ ቀድሞ ቦታው፣ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ይመለስልኝ ዘንድ ለመንኩ።

ሐጂ መቁጠሪያቸውን አንድ ዙር ጨርሰው ቀና አሉ። «ጋሼ፣» አሉ፣ «የተዋዋልነው ለማንሳቱ ነው። ለመመለሱ ሌላ ነው። ጽጌረዳዋ ቀይ ናት ነጭ?»