ሰዓታችንን ማን በላው?

አንድሪው ኒኮል በ2011 እ.ኤ.አ. በሠራው «ኢን ታይም» ፊልም ውስጥ ገንዘብ የሚባል ነገር የለም። ሰው 25 ዓመት ሲሞላው እርጅናው ይቆምና ክንዱ ላይ የቀረው ዕድሜ መቁጠር ይጀምራል። ደሞዝ በሰዓት ይከፈላል፣ አንድ ስኒ ቡና አራት ደቂቃ ያወጣል፤ ቁጥሩ ያለቀበት ሰው ባለበት ይወድቃል። መኪናው፣ አለባበሱ፣ ተኩሱና ሩጫው ያማረ ነው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን የጀግናው እናት ነገር ነው። አውቶቡስ ልትሳፈር ስትል ታሪፉ ከአንድ ሰዓት ወደ ሁለት ሰዓት ጨምሯል። ያላት አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ሮጣ ሮጣ ልጇ ጋ ስትደርስ እቅፉ ላይ ታልፋለች።

የጎንደር ሰው ይህን አይቶ «ፊልም ነው» ብሎ እንዴት ይለፈው? እኛስ ታሪፍ አድሮ ሲጨምር፣ ቤንዚን ጠፋ ተብሎ ባጃጅ ሲሰወርብን፣ ያው ቤንዚን መንገድ ዳር በሃይላንድ ሲቸበቸብ ስንት ጊዜ አየን! ከአዘዞ ፒያሳ ለመድረስ በአቧራና በጉድጓድ ያለቀውን ሰዓትማ ማን ይመልሰው?

ውኃውን እንተወው ብል አልችልም። ገና ሳይነጋ ቦኖው ፊት ቢጫ ጀሪካን ተሰልፏል። ባለቤቶቹ የየራሳቸውን የሚለዩት እጀታው ላይ ባሰሩት ጨርቅ ነው፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ የነጠላ ጥለት ቁራጭ። ልጅ ትምህርት ቤት ይረፍድበታል፣ እናት ገበያዋ ያልፍባታል። ውኃ የሚሰጠንን የአንገረብን ግድብ ከዳገቱ የሚወርደው ደለል እየሞላው ነው፤ የመገጭ ግድብ ያልቃል ሲባል ስንት ክረምት አለፈ!

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የደጋው ሰው ነው። ከዳባት ወይም ከደባርቅ ሌሊት ተነሥቶ፣ መኪናው እስኪሞላ ጠብቆ፣ ለአንዲት ማኅተም ጎንደር ይገባል። «አባቴ፣ ሲስተም የለም፤ ነገ ይምጡ» ይሉታል። ነገ ደግሞ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። የአልጋውን፣ የምግቡን፣ ሳይታረስ የዋለውን መሬት ማን ያስብለታል? በሬ ተውሶ የመጣ ሰው እኮ ነው!

ፊልሙ ላይ ድሃው ሁልጊዜ ይሮጣል፤ ሀብታሙ ቀስ ብሎ ይራመዳል፤ ጀግናው ከሀብታሞቹ ሰፈር ሲገባ መሮጡ ያጋልጠዋል። እዚህም ግቢው ውስጥ ሮቶ የሰቀለ፣ ጄኔሬተር ያስነሣ፣ ሰው ከፍሎ የሚያሰልፍ አይቸኩልም። ልዩነታችን ግን የባሰ ነው። እዚያ ከድሃው የተነጠቀው ዕድሜ ባለባንኩ ካዝና ውስጥ ስላለ፣ ሰብሮ የሚያወጣው ይገኛል። የእኛ ሰዓት የትም ካዝና አልገባም። ማንም ሳይጠቀምበት እንዲሁ ፈሰሰ። ማንን ይዘን እንጩህ?

የምንለምነው ትልቅ ነገር አይደለም። ውኃው በፈረቃ ከሆነ የየትኛው ሰፈር ተራ መቼ እንደሆነ አስቀድማችሁ ንገሩን፤ የተባለውም ቀን ይምጣ። ሲስተም ከሌለ ጠዋት በሩ ላይ ለጥፉልን። ስብሰባ ካለ የሚተካ ሰው መስኮቱ ላይ አስቀምጡ፤ የዳባቱ ሰው በዚያው ቀን መኪና ተሳፍሮ ቤቱ ይግባ።