በቀጠሮ መኮብለል፦ በሐይቅና በአምባሰል የተካሄደ አነስተኛ ጥናት

በአማርኛ መኮብለል ጨለማ ይፈልጋል። ኮብላይ ጫማውን በእጁ ይይዛል፣ ከግቢው ውሻ ጋር ቀደም ብሎ ይላመዳል፣ ስንቁም ኪሱ ውስጥ ያገኘው ቆሎ ነው። ከኋላው የሚያባርረው አባት ወይም ወንድም መኖሩ ደግሞ የግድ ነው፤ አባራሪ የሌለው ኮብላይ መንገደኛ ይባላል። (ጠለፋን ከዚህ ጥናት አውጥተነዋል። ሁለት ሰዎች ተስማምተው መሸሽና አንዱ ሌላዋን ነጥቆ መሸሽ ለየቅል ነው፤ ሁለተኛው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው።)

ባለፈው ሚያዝያ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ሐይቅ ከተማ ላይ የታየው ግን አዲስ ዝርያ ነው። ኮብላዮቹ የሚኮበልሉበትን ቀን ከሰባት ወር በፊት በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ አሳወቁ። አሥራ አራት ገጽ መርሐ ግብርም ላኩ። ገጽ ዘጠኝ ላይ «ከ11፡20 እስከ 11፡35፦ ድንገተኛ ሳቅ» የሚል አለ። እኛ ዘንድ ሰርግ የሚታቀደው «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» በሚባለው የታወቀ ዘዴ ስለሆነ፣ ለሳቅ ደቂቃ ተመድቦለት ስናይ የመጀመሪያችን ነው።

አጥኚው የሙሽራው የአክስት ልጅ ስለሆነ ገለልተኛ አይደለም። መረጃው የተሰበሰበው በሚኒባስ የኋላ ወንበር፣ በበረዶ ሳጥንና በቬሎ መካከል ተጣብቆ በመቀመጥ ነው። ይህ ዘዴ በምሁራን ዘንድ «ተሳታፊ ምልከታ» ይባላል። የሙሽራው እናት፣ አክስቴ፣ «ተለጥፎ መሄድ» ይሉታል።

የነገሩ ምንጭ አሜሪካ ነው። እዚያ ጥንዶች ዘመድ ሳይጠሩ፣ ፎቶ አንሺ ብቻ አስከትለው፣ በረሃ ወርደው ይጋባሉ፤ ካሊፎርኒያ የሚገኘውን የሞት ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክ ከሚመርጡት ቦታዎች አንዱ ያደርጉታል። ለዚያም ከፓርኩ አስተዳደር ፈቃድ ያወጣሉ፤ ማለትም በማኅተም ይኮበልላሉ። የእኛ ሙሽራ እዚያ አገር ስለሚኖር ይህን አይቶ ቀና፤ ወዲያውም የአገር ፍቅር ያዘው። የሞት ሸለቆ ከባሕር ወለል በታች 86 ሜትር ነው፤ የኛ ደናክል ከ120 ሜትር በላይ ይወርዳል። እነሱ እ.ኤ.አ. በ1913 አንድ ቀን 56.7 ዲግሪ መዝግበው እስከ ዛሬ ያወሩበታል፤ ዳሎል ግን ዓመቱን ሙሉ፣ ሌሊቱም ቀኑም ተደምሮ፣ አማካዩ ከ34 ዲግሪ በላይ ነው። «በቁልቁለት እንበልጣቸዋለን» ብሎ ጻፈልን።

ዳሎል ከሐይቅ ሩቅ ስለሆነ ምርጫው በያንጉዲ ራሳ ብሔራዊ ፓርክ ላይ ወደቀ። ፓርኩ በ1969 ዓ.ም. አፋር ምድር ላይ የተከለለው በዋናነት ለዱር አህያ ሲባል ነው። ከሐይቅ ደሴ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ባቲን አቋርጦ ሚሌ ይወረዳል፤ ከሚሌ ወደ አዋሽ በሚወስደው አስፋልት ሲታጠፉ ፓርኩ ግራና ቀኝ ነው። ከ2 ሺህ ሜትር ገደማ ወደ 500 ሜትር ቁልቁል፣ ከነቬሎ።

አክስቴ ዜናውን የሰሙት ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገው ነው። ውይይቱን ሳላሳጥር አቀርበዋለሁ።

«ኮብልለን ልንጋባ ነው፣ እማ።»

ዝምታ። «ማን ከለከላችሁ?»

«ማንም።»

«የልጅቷ አባት እምቢ አሉ?»

«ኧረ እሳቸው ደስ ብሏቸዋል።»

«ታዲያ ከማን ነው የምትሸሹት?»

«ከግርግር።»

«ግርግሩ እኔ ነኝ?»

ሙሽራው ርዕስ ለመቀየር ስለ ዱር አህያው አወራ፤ እግሮቹ ዥጉርጉር መሆናቸውን፣ ከምድረ ገጽ ሊጠፋ መቃረቡን፣ በዓለም ላይ የቀረው ጥቂት መሆኑን። አክስቴ አዳመጡና «ወላሂ፣ አህያ ለማየት ነው? ሐይቅ ገበያ አህያ ጠፍቶ?» አሉ። አክስቴ ክርስቲያን ናቸው፤ ወላሂ የሚሉት ወሎዬ ስለሆኑ ነው።

ወደ ጥናቱ ዋና ግኝት እንምጣ። የብቸኝነት ዋጋ በሰው ይከፈላል። መርሐ ግብሩ ገጽ አንድ ላይ «ሁለታችን ብቻ» ይላል። ነገር ግን የቤተሰብ ሕጉ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ለሚፈጸም ጋብቻ ከእያንዳንዱ ወገን ሁለት ሁለት ምስክር ስለሚጠይቅ ስድስት ሆኑ፤ ማዘጋጃ ቤት ፈርመው የመጡት አራት ምስክሮች በረሃውን ካላየን አሉ። ካሜራ ማን፣ ረዳቱና ባለድሮኑ ሲጨመሩ ዘጠኝ። የምትኳኩለዋ ልጅና ብቻዬን አልሄድም ያለችበት ጓደኛዋ፣ አሥራ አንድ። ሁለት ሾፌር፣ አፋርኛ የሚችል አንድ መንገድ መሪ። የሙሽሪት አባት «ልጄ ስትኮበልል ካላየሁ» አሉ። ታላቁ አጎታችን ለምርቃት ተፈለጉ። ከሁለቱም ወገን ዘመዱ እስላምም ክርስቲያንም ስለሆነ፣ እንደ ወሎ ወግ፣ ሥጋውም ድስቱም ሁለት ሆነ፤ ለሁለት ድስት ሁለት ሴቶች መጡ። የቬሎውን ጅራት የምትይዝ አንዲት ኮረዳ፣ ትቀራለህ ሲሉት ያለቀሰ አንድ ሕፃን፣ አጥኚው፣ እንዲሁም «ወንበር ባዶ ከሚሄድ» ብለው የገቡት አክስቴ ከጥቁር ጃንጥላቸው ጋር። ሃያ ሁለት።

ሃያ ሦስተኛ ሰው ነበሩ። ጠይም፣ ዝምተኛ፣ ባለ ኮት ሰውዬ ናቸው። የሙሽራው ወገን የሙሽሪት አጎት ናቸው ይላል፤ የሙሽሪት ወገን የሙሽራው። እስከ ዛሬ አልተጣራም።

የውሉን ጉዳይ ሳላነሳ አላልፍም። ካሜራ ማኑ በዚያ ሰሞን ውጫሌ ሌላ ሰርግ ስለነበረበት ውሉ የተፈረመው እዚያው ነው፤ በሁለት ቋንቋ፣ በሁለት ቅጂ። በአምባሰል ወረዳ ከተማ በሁለት ቋንቋ መፈራረም ምን እንደሚያስከትል ለአገሬው ሰው መንገር አያስፈልግም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያው አካባቢ፣ ይስማ ንጉሥ ላይ በተፈረመው የውጫሌ ውል፣ አንቀጽ 17 በአማርኛ «ይቻላቸዋል» ሲል በጣልያንኛ ግዴታ ሆኖ ተገኘ፤ ጉዳዩም ዓድዋ ድረስ ሄደ። የእኛው ውል በአማርኛው «ባለሙያው ድሮን ሊጠቀም ይችላል» ይላል። እንግሊዝኛው «ደንበኛው የድሮን ሂሳብ ይከፍላል» ይላል። ድሮኑ ፈቃድ ስላልነበረው ከሳጥኑ አልወጣም፤ ሂሳቡ ግን ወጣ። ጉዳዩ ዓድዋ ሳይደርስ በአክስቴ ተፈታ፤ እንዴት እንደተፈታ ካሜራ ማኑ መናገር አይፈልግም።

ለጉዞው የምጠቀምበት የትንታኔ ማዕቀፍ አራቱ ቅኝቶች ናቸው። ከውጭ የመጣ ንድፈ ሐሳብ መዋስ አላስፈለገም፤ አምባሰልም ባቲም መንገዳችን ላይ ናቸው።

አምባሰል የመነሻው ቅኝት ነው። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ መኳኳል ተጀመረ፤ 10 ሰዓት እንነሳለን የተባለው 12 ሰዓት ሆነ። ሾፌሩ ማሪቱ ለገሰን ከፈተ፤ አምባሰልን እንደ እሷ የሚያነሳው የለምና ሁሉም ዝም ብሎ ሰማ። ሙሽሪት ዓይኗ ረጠበ፤ የምትኳኩለዋ ልጅ ደንግጣ ሙዚቃው እንዲጠፋ አዘዘች። በጥናቱ ወቅት ያየሁት ብቸኛው ያልታቀደ ስሜት ይህ ሲሆን የቆየውም አርባ ሰከንድ ያህል ነው።

ባቲ ሰኞ ነው። የመርሐ ግብሩ አሥራ አራት ገጽ ያልያዘው አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ ባቲ ሰኞ ገበያ ነው። ከደጋ የወረደው ነጋዴ ከቆላ ከወጣው አፋር ጋር የሚገናኝበት፣ ግመሉ፣ ፍየሉ፣ ጨው ጫኙ፣ ሸማ ሻጩ አንድ ሜዳ ላይ የሚፈስበት ቀን። ከረፋዱ 3፡30 ደረስን። ካሜራ ማኑ ግመል ሲያይ ጊዜ አላጠፋም፤ ሙሽሮቹን አወረደና መቼም የማይረሳኝን ትእዛዝ ሰጠ። «ሰው ከፍሬም ይውጣ!»

ባቲ ገበያ ላይ፣ ሰኞ፣ ሰው ከፍሬም ይውጣ።

ሰው አልወጣም። እንዲያውም ገባ። አንድ ሽማግሌ ሙሽሪትን ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ ለሙሽራው «ጥሎሹ ስንት ግመል ነው?» አሉት። የግመሏ ባለቤት፣ እንስሳይቱ ለፎቶ ብቻ እንደተፈለገች ሲረዳ ተቀየመ፤ «የማትገዛውን ለምን ታያታለህ?» ብሎ ለጠየቀው ሙሽራው መልስ አልነበረውም። እኔም ቬሎውን እያየሁ ይህ ጥያቄ ለብዙ ነገር እንደሚሆን አሰብኩ። ጅራቱ አቧራውን ጠጥቶ ከጉልበት በታች የጤፍ ቀለም ይዟል፤ ቀይ ጤፍ። የሙሽሪት ቅንድብ አንዱ ወደ ጉንጯ መጓዝ ጀምሯል። የበረዶው ሳጥን ውኃ ሆኖ ሕፃኑ እግሩን ነክሮበታል።

አንቺ ሆዬ የጠብ ቅኝት ነው፤ ቢያንስ ያን ቀን ነበር። ሙሽራው ሚሌ ካልወረድን አለ። ሙሽሪት ሰዓቱ ስድስት ሆኗል፣ ከሚሌ በኋላ ጥላ የለም አለች። መንገድ መሪው የፓርኩ ስካውቶች ጠዋት ጠብቀውን መሄዳቸውን በስልክ አረጋገጠ። ሾፌሩ እንደ ባለሙያ ተጠይቆ «እዚያ በዚህ ሰዓት ሙሽራ ይቀልጣል» አለ። የሙሽሪት አባት ለሽምግልና ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ፣ አጎታችን ምርቃቱን ለምን እንደያዙት ጠፋቸውና እዚያው፣ ሁለቱ መኪኖች መካከል፣ ቆመው መረቁ። ሃያ ሦስተኛው ሰው አሜን አሉ። መኪኖቹ ፊታቸውን ወደ ኮምቦልቻ መለሱ። የዱር አህያዎቹን አንድም ሰው አላያቸውም፤ የመኮብለልን ሙያ በትክክል የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ትዝታ የመመለሻው ነው፤ እዚህ ላይ አጥኚው ያልጠበቀው ማስረጃ ተገኘ። ከደሴ ወደ ሐይቅ ስንወጣ ሙሽሪት ለአክስቴ፣ «እማማ፣ እርስዎ ሲያገቡ ፎቶ የት ተነሱ?» አለቻቸው። አክስቴ በ1968 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ጋር ኮብልለዋል። እውነተኛውን። አባታቸው ለሌላ ሰጥተዋቸው ነበር። ሌሊት በእግር፣ ባዶ እግራቸውን፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከሐይቅ ተነስተው በአምባሰል ግርጌ እስከ ውጫሌ፤ አንድ ዘመድ ቤት ጎተራ ውስጥ ሦስት ሳምንት። ከሽማግሌ እርቅ በኋላ ደሴ ሄደው አንድ ፎቶ ተነሱ። ስቱዲዮው መጋረጃ ላይ የተሳለ ሐይቅ ነበረው፤ ከላዩ ነጭ ዳክዬ መሰል ወፍ፣ ከኋላ በረዶ የለበሰ ተራራ። ፎቶው እስከ ዛሬ ሳሎን ላይ አለ። ሐይቅ ዳር የተወለደች ልጅ ደሴ ሄዳ የሸራ ሐይቅ ፊት ቆማለች።

«ሲኮበልሉስ? የዚያን ሌሊትስ ፎቶ የለም?» አለች ሙሽሪት።

«ልጄ፣ እንዳንታይ አይደል የሄድነው?»

ማታ 11 ሰዓት ላይ ሐይቅ ዳር ደረስን፤ ድንገተኛው ሳቅ ወደ ሐይቁ ተዛወረ። ቦታው ለምስል ሥራ እንግዳ አይደለም። እስጢፋኖስ ገዳም ውስጥ ያለው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈ ሲሆን የአቡኑን ምስል ይዟል፤ ያለ መብራት፣ ያለ ድሮን፣ ማንም ከፍሬም ውጣ ሳይባል። ገዳሙ ሴት ስለማያስገባ ሙሽሪት በሩ ጋ ስትቀር ሙሽራው ብቻውን ገብቶ ተሳልሞ ወጣ፤ በቀኑ ውስጥ ሁለቱ የተለያዩት ያኔ ብቻ ነው። አገሬው እንደሚተርከው ሐይቁ የተፈጠረው አንዲት ነፍሰ ጡር በልዕልት ተበድላ፣ ፈጣሪ ተቆጥቶ አገሩን ውኃ ሲያደርገው ነው፤ ልዕልቲቱ ከነወዳጆቿ ሰጠመች፣ ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችበት ቀረ። ዘውድ ደፍቶ ውኃ ዳር ለሚቆም ሁሉ ይህን መንገር ጥሩ ነው ብዬ ለካሜራ ማኑ ነገርኩት። ትንሽ ወደ ኋላ አቆማቸው።

ፎቶው ቆንጆ ነው፤ አልክድም። ሁለት ሰዎች፣ ጸጥ ያለ ውኃ፣ ከማዶ ኮረብታ። ከካሜራው ጀርባ ሃያ አንድ ሰው ትንፋሹን ይዞ ቆሞ ነበር፤ ሕፃኑ አፉ ላይ እጅ ተደርጎበት። በመጀመሪያው ቅጂ ከግራ ጥግ፣ ውኃው ላይ፣ የጥቁር ጃንጥላ ጥላ ይታያል። ካሜራ ማኑ በኤዲቲንግ አጠፋው። አልበሙ ሲመጣ አክስቴ መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩትና «ጃንጥላዬ የት ሄደ?» አሉ። በዚያ ዕለት ማን በትክክል እንደኮበለለ ከተጠየቅኩ መልሴ ጃንጥላው ነው፤ በእውኑም አልተገኘም።

ከፎቶው በኋላ ሃያ ሦስታችንም አሳ በላን፤ ለብለብ፣ ጥብስ፣ ጉላሽ። ሂሳቡን ማን እንደሚከፍል ሙሽራውና የሙሽሪት አባት ሲጓተቱ አስተናጋጁ ተከፍሏል አለ። የከፈሉት ባለ ኮቱ ሰውዬ ናቸው፤ ከፍለው በደሴ መኪና ሄደዋል።

ጌታዬ፣ ይህን ካነበቡ ዘመድዎ የትኞቻችን እንደሆንን ያሳውቁን። ጃንጥላውም እርስዎ ጋ ካለ ይላኩልን፤ አክስቴ ክረምት ሳይገባ ይፈልጉታል።